የዘይና ድምፅ በፊርደውስ እጅ

ከሚሴ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ወደ ጨፋ ሜዳ በሚያወርደው ሰፈር ዘይናን የማያውቅ የለም። ሥራዋ ማሾ መልቀም ነው። ነጋዴዎቹ ከገበሬ የሰበሰቡትን ማሾ በጆንያ ያመጡላታል፤ እሷ ደጃፏ ላይ ሸራ ዘርግታ ጠጠሩንና የነቀዘውን ትለይና ንጹሑን መልሳ ታስረክባለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ሌላዋ ለቃሚ አንዱን ጆንያ ሳትጨርስ እሷ ሁለተኛውን ትጋምሳለች። ሥራውን የያዘችው ግን እጇ ስለሚፈጥን ሳይሆን ከቤት ስለማያርቃት ነው። ከቤት እንዳትርቅ ያደረገቻት ደግሞ ልጇ ፊርደውስ ናት።

ፊርደውስ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ይዛለች። ዘይና እሷን ስትወልድ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ባለች መንደር ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ፣ በሦስተኛው ቀን ነበር በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ያደረሷት። ልጅቱ ስትወለድ አላለቀሰችም። አዋላጇ ገልብጣ መታ መታ አደረገቻት፣ አፍንጫዋን ጠረገችላት፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ድምፅ አሰማች። ያን ቀን ሁሉም አልሐምዱሊላህ አለ። በስድስት ወሯ ግን አንገቷ አልጸናም። በዓመቷ አልተቀመጠችም። ሁለት ዓመት ሲሞላት ሰውነቷ አንዴ እንደ እንጨት ይደርቅ፣ አንዴ እንደ ጨርቅ ይልፈሰፈስ ጀመር። እጆቿ እንደተጨበጡ ቀሩ፤ ምላሷም አልታዘዛት አለ። ሸሆቹ ዱዓ አደረጉላት፤ ሐኪሙ ስትወለድ አእምሮዋ አየር አጥሮት ነው አለ፤ ጎረቤትም የየራሱን አለ። ዘይና ሁሉንም ሰምታ ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልወለደችም።

ባሏ ሙሀመድኑር የከብት ደላላ ነው። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ይውላል። ገበያ ላይ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ቤት ሲገባ ዝምተኛ ነው። ከልጁ ጋር ብቻ በኦሮምኛ ይጫወታል። እናትየው በአማርኛ፣ አባትየው በኦሮምኛ፣ ልጅቱ ሁለቱንም እየሰማች አደገች፤ መስማቷን የሚያውቁት በዐይኗ ነው።

ዘይና የልጇን ነገር ከማንም በላይ አውቃለሁ ባይ ነበረች። ዐይኗን ወደ ጣሪያው ስታነሣ ርቧታል፤ ጥርሷን ስታፋጭ በርዷታል፤ በአፍንጫዋ ህም ስትል አባቷን ፈልጋለች። ሰው ቤት ገብቶ ፊርደውስ አንድ ድምፅ ብታሰማ ሁሉም ፊቱን ወደ ዘይና ያዞራል፤ እሷም ሳታመነታ ትተረጉማለች። ልጄ እኮ የምትወደው የገብስ ገንፎ ነው፣ ሌላ ብሰጣት አትውጥም ትላለች። የዚህችን ልጅ ሆድ ከአላህ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ ስትልም ማንም አይከራከራትም። ዘይና በሕይወቷ ብዙ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም። በዚህ ግን ትኮራ ነበር።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ሰርካለም የምትባል ወጣት ባለሙያ ወደ ቤቷ መጣች። የደሴ ልጅ ናት፤ የተማረችው የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ነው። አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ቀጥሯት በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሚሴ እየወረደች ቤት ለቤት ትዞራለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ከቦርሳዋ ሰፊ ታብሌት አወጣች። መስተዋቱ ላይ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ አንዱን ሲነኩት ታብሌቱ የሥዕሉን ቃል ይናገራል። መናገር የማይችሉ ሰዎች በዚህ እንደሚያወሩ አስረዳቻት። ዘይና ፈገግ አለች። እንግዳ ማስቀየም ስለማትወድ እንጂ በሆዷስ፣ እኔ እያለሁ ይሄ ምን ያደርግላታል ብላለች።

ፊርደውስ ግን ታብሌቱን ስታይ ዐይኗ ፈጠጠ። ክንዷን ለማንሣት ታገለች፤ ብዙ ከታገለች በኋላ እጇ ደረሰ። ችግሩ መስተዋቱ የሚያውቀው ጣት ነው፤ የሷ ደግሞ ጭብጥ ነው። መዳፏ አንዱን ጥግ ይነካል፣ አንጓዋ ሌላውን፣ ክንዷ ሲያመልጣት ደግሞ ገጹን በሙሉ ጠርጎ ይሄዳል። ታብሌቱ አራት ቃል ባንዴ ይለፈልፍና ሥዕሎቹ ይጠፋሉ፤ ያልተፈለገ ነገር ይከፈታል። ሰርካለም ትመልሰዋለች፣ ፊርደውስ ትሞክራለች፣ ያው እንደገና ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገለች በኋላ ልጅቱ ላብ አጠመቃትና ጮኸች። ዘይና መጥታ ታብሌቱን ከፊቷ ገለል አደረገችው።

«ተያት በቃ፣ አትችልም» አለች።

ሰርካለም «እሷማ ትችላለች እትዬ ዘይና። እቃው ለሷ እጅ አልተሠራም እንጂ» አለቻት።

መናኸሪያው በር ላይ ስልክ የሚጠግን ይበልጣል የሚባል ሰው አለ። አባቱ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀለ የሚያወራ የከተማው ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ሰርካለም ታብሌቱን ይዛለት ሄደች። ይበልጣል እቃውን አገላብጦ አየና መለሰላት፤ እጇን ሳላይ ምኑን እሠራለሁ አለ። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ መጣ። በኦሮምኛ ሰላምታ አካም ጅርታ ብሎ ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና የፊርደውስን እጅ ሳይነካ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው የቱ አጥንት ቀድሞ እንደሚያርፍ፣ ክንዷ ወዴት እንደሚሸሽ አየ። ቀድሞ የሚደርሰው የቀኝ አውራ ጣቷ አንጓ ነበር።

መጀመሪያ የታብሌቱን ቅንብር አስተካከለ። ነካ አድርጎ የሚያልፈውን ችላ እንዲል፣ አንድ ቦታ ቆይቶ ያረፈውን ብቻ እንዲቀበል አደረገው። ሥዕሎቹን ከሠላሳ ወደ ዘጠኝ አወረዷቸው። ቀጥሎ ከአሮጌ የፎቶ ፍሬም ላይ ያወጣውን ወፍራም ፕላስቲክ በታብሌቱ ልክ ቆርጦ በየሥዕሉ ትይዩ ዘጠኝ ቀዳዳ አወጣለት፤ ጠርዙ ቆዳ እንዳይቆርጥ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ክዳኑ ታብሌቱ ላይ ሲገጠም የፊርደውስ እጅ በላዩ እየተንሸራተተ ይሄድና አንጓዋ ቀዳዳ ሲያገኝ እዚያ ይቆማል። የመጀመሪያው ክዳን ቀዳዳው ጠበበ፤ ሁለተኛው ሰፋ፤ ሦስተኛው ልክ መጣ። ያም ሆኖ መዳፏ በጎረቤት ቀዳዳ እየገባ ያስቸግር ነበር። ለዚህ መላ ያመጣችው ዘይና ናት። የሱፍ ካልሲ አምጥታ የአውራ ጣቱ አንጓ ብቻ እንዲወጣ ቀደደችው፤ የቀደደችውን ዙሪያውን በመርፌ ጠለፈችና የልጅቱ ጭብጥ ላይ አጠለቀችው። መስተዋቱ በሱፍ ውስጥ የመጣ ንክኪ አይሰማም፤ ባዶውን የወጣው አንጓ ብቻ ይሰማዋል። ይበልጣል ካልሲውን አገላብጦ አየና ይሄ ለኔ አልመጣልኝም ነበር አላት። ዘይና ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች።

የቀረው ድምፁ ነበር። ታብሌቱ ላይ ያለው አማርኛ የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ ነው፤ ፊርደውስ በሰማችው ቁጥር ትስቃለች። ሰርካለም የዘይናን ድምፅ ለምን አንቀዳም አለች። ዘይና እየፈራች ተራ በተራ ተናገረች፤ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ አመመኝ፣ ውጪ፣ እማ፣ አባ፣ ደስ ብሎኛል። ውሃው ላይ ስትደርስ በቤታቸው ልማድ ቢሻን አለች፤ ና የሚለውንም ኮቱ። ዘጠኙ ሞላ።

በማግስቱ ጠዋት ዘይና ገንፎውን አገንፍታ፣ ቅቤውን አድርጋ፣ እንደ ዘወትሩ በማንኪያ እያበረደች ወደ ልጇ አፍ አቀረበች። ፊርደውስ አፏን አልከፈተችም። እጇን አነሣች፣ ክዳኑ ላይ ጎተተችው፣ አንጓዋ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገባና ቆየ።

«አልፈልግም» አለ ታብሌቱ በዘይና ድምፅ።

ዘይና ተሳስታ ነው ብላ ማንኪያውን ደግማ አቀረበች። አሁንም አልፈልግም አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስታቀርብላት ፊርደውስ እጇን ከቀዳዳው ሳታወጣ ጠበቀቻት። ዘይና ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ታመሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። በኋላ ለራሷ ካቀረበችው ሻይ ዳቦ ነክራ እንዲያው ለሙከራ ብታሳያት፣ የልጅቱ እጅ ወዲያው ተንቀሳቀሰ፤ «እፈልጋለሁ»። ጎረቤቷ አሻ ስትመጣ ዘይና እየሳቀች ነገረቻት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ገንፎ ስንግታት የኖርነው ልጅ ገንፎ አትወድም አለቻት። አሻም ሳቀች። አሻ ከሄደች በኋላ ግን ዘይና ሸራው ላይ ተቀምጣ የልጇን ጉርሻ ስታስታውስ ዋለች። ሌላ ብሰጣት አትውጥም ስትል የኖረችው እውነት ሰጥታት አይታ ነው? ሰጥታት ታውቅ እንደሆነ ትዝ አላላትም።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላው መጣ። ፊርደውስ ጠዋት ተነሥታ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች «አመመኝ» አለች። ዘይና ግንባሯን ዳሰሰች፣ ትኩሳት የለም። ሆዷንም ነካች። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ዘይና ልታነሣት ጎንበስ ስትል፣ ገና እጇን ከጉልበቷ ሥር ሳታስገባ፣ በልጅቱ እጅ ሥር ያለው ታብሌት «አመመኝ» አለ። ዘይና እንዳጎነበሰች ቀረች።

ሰርካለም ስትመጣ የሰውነት ክፍሎች ያሉበትንና ቀናት ያሉበትን ሌላ ገጽ አዘጋጅታ ቃላቱን በዘይና ድምፅ ቀዳች፤ መጀመሪያ የሰውነቱን ከፈተች፤ ራስ፣ ጆሮ፣ ሆድ፣ ወገብ፣ ግራ ዳሌ፣ ቀኝ ዳሌ፣ እግር። የፊርደውስ አንጓ የግራ ዳሌው ላይ ሄዶ ቆመ። ሰርካለም ገጹን ዘግታ ደግማ ከፈተችውና ጠየቀቻት፤ እዚያው ሄደ። ከዚያ ዘይናን ሁልጊዜ እንዴት እንደምታነሣት አሳዪኝ አለቻት። ዘይና ግራ ክንዷን ከልጅቱ ግራ ጉልበት ሥር አስገብታ ወደ ላይ ሳብ ስታደርግ ሰርካለም «ይብቃ» አለች። ዳሌውን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ፊቷ ተለወጠ። ደሴ እንሂድ አለች።

ሙሀመድኑርም አብሯቸው ሄደ፤ ደሴ ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ አየ። የዳሌው አጥንት ከመገጣጠሚያው ወጥቷል፤ ከወጣም ብዙ ዓመት ሆኖታል አለ። በልጅነቷ ታይታ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። አሁን ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው፣ የሚሠራውም አዲስ አበባ ነው፣ ተሠርቶም እንደሚያሽላት እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሐኪም አይገኝም። ይህን ሁሉ በትሕትና ተናገረና መጻፍ ጀመረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያማት?» ብሎ ዘይናን ጠየቃት።

ስለ ፊርደውስ ለሚጠየቅ ሁሉ መልስ የነበራት ሴት ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። ሰርካለም ታብሌቱን አውጥታ ዛሬ፣ ትናንት፣ ድሮ እያለ ቀናት ያሉበትን ገጽ ከፈተችና ከፊርደውስ እጅ ሥር አደረገችው። ክንዷ ሁለቴ አመለጣት፤ በሦስተኛው ያዘችው።

«ድሮ» አለ የዘይና ድምፅ። ጥቂት ቆይቶም ደግሞ «ድሮ»።

ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ አዘዘላቸውና እንዴት መነሣት እንዳለባት አሳያቸው፤ ከጉልበቷ ሥር ሳይሆን በአንሶላ፣ ሁለት ሰው ከራስና ከእግር ይዞ። ሲመለሱ ሚኒባሱ ኮምቦልቻን አለፈ። ዘይና በየቀኑ በገዛ እጄ ሳቆስላት ኖሬያለሁ አለች።

«አብሽሪ» አላት ሙሀመድኑር። «አላወቅሽም።»

«አላወቅኩም» አለች ዘይና። ስለ ፊርደውስ ይህን ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደጎች ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሙሀመድኑርና ዘይና በአንሶላ ያነሧታል፤ እሱ ገበያ በሚውልበት እሑድና ሰኞ ደግሞ አሻ ትመጣለች። ፊርደውስም አመመኝ ማለቱን ቀነሰች። አባቷ ጓዳ ሲገባ ጠብቃ «አባ»፣ «ኮቱ» ትለዋለች፤ ሲመጣ የምትፈልገው ነገር የለም፤ «ደስ ብሎኛል» ትለውና ትስቃለች። ሲመለስ ደግማ ትጠራዋለች። አንድ ጠዋት አሥር ጊዜ አመላልሳዋለች። ያ ቤት ሲገባ ዝም የሚል ሰው ይህን ባቲ ገበያ ላይ ለማያውቀው ግመል ነጂ ሳይቀር አውርቷል። ከሰዓት በኋላ «ውጪ» ትላለች፤ ያወጧትና ዘይና ማሾ ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላታል፤ ቀዳዳውን እስክታገኝ ቆሞ ይጠብቃታል።

ዘይና ግን በነዚያ ወራት ሁለት ልብ ነበራት። የልጇ እጅ ክዳኑ ላይ መንሸራተት በጀመረ ቁጥር እጇን ከማሾው ላይ ታነሣለች። ደግሞ ምን ልትለኝ ይሆን፣ ደግሞ ምን ሳላውቅ ኖሬ ይሆን ትላለች። ይበልጣል ክዳኑን ሊያይ ጎራ ሲል ይህንኑ ነገረችው። እሱም ብዙ ነገር ከሚናገር ሰው ጋር መኖር እንዲህ ነው እትዬ፣ እኔም ቤት እንደዚሁ ነው ብሎ አሳቃት።

ሰኔ ላይ ሰርካለም መጥታ የድርጅቱ ፕሮጀክት ዘመኑ ማብቃቱን ነገረቻቸው። ታብሌቱ ግን እናንተው ጋ ይቀራል አለች፤ ለሷም የተነገራት እንደዚያ ነበር። ፊርደውስ የምትለውን አጥታ ይሁን ፈልጋ «እማ» አለቻት። ሰርካለም አቅፋት አለቀሰች።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ ያደረ ዕለት ጠዋት፣ ዘይና ታብሌቱን ስትከፍተው ሥዕሎቹ የሉም። ነጭ ገጽ ላይ የቁልፍ ሥዕልና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ፊርደውስ እጇን አንሸራተተች፣ አንጓዋን በቀዳዳው አስገብታ ያዘች፤ ድምፅ የለም። ሌላ ቀዳዳ ሞከረች። ዘይና አጠፋችው፣ አበራችው፣ መስተዋቱን በነጠላዋ ጠረገችው። ያው ነው። ካልሲውን እንኳ ከልጅቱ እጅ ሳታወልቅ እሷን ለአሻ አደራ ብላ በዝናብ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

ይበልጣል ያን ቀንና በማግስቱ ሌላ ሥራ አልሠራም። በሦስተኛው ቀን ታብሌቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ራሱ ይዞት መጣ።

«ስንት የተበላሸ ስልክ አስነሥቻለሁ» አላት። «ይሄ ግን አልተበላሸም፤ ውስጡ ደህና ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ እቃዎቹን ሁሉ ከሩቅ ቆልፏቸዋል። የሚከፍተው ቁጥር በማን እጅ እንዳለ እኔ አላውቅም።»

ድምፄስ ብላ ጠየቀችው። ውስጡ ነው፣ አብሮ ተቆልፏል አላት።

ሰርካለምን ደወሉላት። ደብረ ብርሃን ሌላ ሥራ ይዛለች። ስትሰማ ደነገጠች፤ አዲስ አበባ ወደነበረው ቢሮ ደወለች፣ ስልኩ አይነሣም፤ የሥራ ባልደረቦቿን አፈላልጋ ጠየቀች፣ ሁሉም እንደሷ ተበትነዋል። ይበልጣል መስተዋቱ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላከ። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። እቃው ለአገልግሎት ስለማይፈለግ አዲስ አበባ ለሚገኘው ቢሮ እንዲመለስ ይላል። ቢሮው ከተዘጋ ወራት አልፎታል። ይበልጣል ይህንኑ መልሶ ጻፈ፤ ለዚያ መልስ አልመጣም።

እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ተመሳሳይ ፕሮግራም በራሱ ስልክ ላይ ጭኖ አመጣ፤ የስልኩ መስተዋት ጠባብ ስለሆነ የልጅቱ አንጓ ባንዴ ሦስት ሥዕል ይሸፍናል። የዚያን ያህል ሰፊ ታብሌት ከሚሴ ውስጥ አልተገኘም፤ ደሴ የተገኘው ደግሞ ከሙሀመድኑር አቅም በላይ ነበር። በመጨረሻ ዘጠኙን ሥዕሎች ወረቀት ላይ አሳትሞ ከክዳኑ ሥር አደረገላቸው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን አንጓዋ ቀዳዳው ሲገባ ጭብጧ ዙሪያውን ይሸፍነዋል፤ ዘይና አንገቷን አስግጋ ይሄኛው ነው፣ ወይስ ይሄኛው ማለት አለባት። ወረቀት አይጣራም፤ ሰው ካላያት የተናገረችው እንዳልተነገረ ነው። ሙሀመድኑርም ጓዳ ሆኖ «አባ»፣ «ኮቱ» ስትለው አይሰማም። ፊርደውስ ሦስት ቀን ታገሠች። በአራተኛው ቀን እጇን ሰብስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ሲመጣ ዐይኗን ትጨፍናለች።

ሰው ታዲያ ወደ ዱሮሽ ተመለስሽ፣ ስታውቂያት የኖርሽ አይደል ይላታል። ዘይና ግን ወደ ዱሮው መመለስ አልቻለችም። ፊርደውስ ዐይኗን ወደ ጣሪያው ስታነሣ፣ ርቧታል ብላ ምግብ እንዳታቀርብ፣ ድሮም ርቧት እንደነበር በምን አውቃ ነው? ጥርሷን ስታፋጭ ብርድ ልብስ ትደርባለች፤ ደርባም፣ ሕመሙ ቢሆንስ ብላ ትገልጣለች። ሐኪሙ ማስታገሻውን ሲያማት ስጫት ብሏታል። መቼ እንደሚያማት የሚነግራት የለም። አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ትሰጣታለች፤ አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ክኒን አጠጣኋት ብላ ይጸጽታታል። በአንሶላ ሲያነሧት ፊቷን ፊቷን ታያለች፤ ፊቷ ላይ ያለው ምን እንደሆነ አታውቅም። እጇም ማሾው ላይ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ በየመሀሉ ቀና እያለች ልጇን ታያለች።

ሙሀመድኑር አንድ ቀን ሶላቱን ጨርሶ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ፣ አላህ ለምን ለጥቂት ወር ሰጥቶ ወሰደብን አላት። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሶብር አድርግ፣ ታገሥ አለችው።

ኅዳር ላይ አንድ ሰኞ ፊርደውስ ከቁርስ በኋላ ማልቀስ ጀመረች። ጩኸት አይደለም፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ከደረቷ ዝቅ ያለ ድምፅ ይወጣል። ዘይና እግርሽ ነው አለቻት። በርዶሽ ነው? ርቦሽ ነው? ልብሷን አየች፣ ደረቅ ነው። ሻይ በዳቦ አመጣች፣ አልቀመሰችም። አሻን ጠርታ በአንሶላ ወደ ቀኝ ጎኗ አዞሯት፤ ወደ ግራ መለሷት፤ ወደ ውጪ አወጧት፤ ፀሐዩ በረታ ብለው አስገቧት። ክኒኑን ሰጠቻት። ባቲ ያለውን አባቷን ፈልጋ ይሆን ብላ ደወለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት፤ ሙሀመድኑር በኦሮምኛ ብዙ አወራት፤ እንባው አልቆመም።

ቀትር ሲሆን አሻ ወደ ልጆቿ ሄደች። ዘይና ብቻዋን ቀረች። ሌላ የምታደርገው ስታጣ የተቆለፈውን ታብሌት ከነክዳኑ አምጥታ ከልጇ እጅ ሥር አደረገችው። ፊርደውስ ዐይኗን አልጨፈነችም። እጇን አነሣች፣ ጎተተችው፣ መካከለኛው ረድፍ ላይ የመጀመሪያው ቀዳዳ ጋ ሲደርስ አንጓዋን አስገብታ ያዘች። አወጣችውና መልሳ እዚያው አስገባችው። ሦስት ጊዜ አደረገችው፤ እናቷን ትኩር ብላ እያየች።

ዘይና ቦታዎቹን ሁሉ በቃሏ ታውቃቸዋለች። ትልቁ ገጽ ላይ ከሆነች «አባ» ነው ያለችው። የሰውነት ገጹ ላይ ከሆነች ጆሮ ነው። የቀናት ገጹ ከሆነ ደግሞ «ድሮ» ነው። ልጅቱ በሐሳቧ የትኛውን ገጽ ከፍታ እንዳለች ግን መስተዋቱ አያሳይም።

«አባ ነው?» አለቻት። «ጆሮሽን ነው ፊርዱ?»

ፊርደውስ እጇን ሳታነሣ አየቻት። ዘይና ጆሮዋን ዳሰሰችላት፣ ውስጡን አየች፣ ምንም የለም። ድሮ ከሆነ ደግሞ ምን ብላ ትጠይቃት? የድሮው ምኑ? አጠገቧ ቁጭ አለችና እጇን በሁለት እጇ ያዘቻት።

ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ልቅሶው ቀነሰ፤ ጥቂት ቆይቶ ቆመ። ፊርደውስ ፊቷ ላይ የደረቀ እንባ እያለ መንገዱን ማየት ጀመረች። ዘይና በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችላት። ያን ቀን ምን ሆና እንዳለቀሰች፣ ምን አግኝታም ዝም እንዳለች እስከ ዛሬ አታውቅም።